ባቡር ማንንም አይጠራም፦ ከድሬዳዋ ለመጀመሪያ ጊዜ በባቡር ለምትሄዱ

እኔ የድሬ ልጅ ነኝ። ይቺን ከተማ የወለዳት ባቡር ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ። ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ አስቸጋሪ ስለነበር ሜዳው ላይ ቀረ፣ ከተማዋም በዙሪያው በቀለች። እንዲህ ባለ ከተማ አድጌ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በባቡር ልሄድ የተነሳሁ ቀን ባቡሩ ጥሎኝ ሄደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትኬቴ ላይ 8 ሰዓት ይላል። እኔም ምሳዬን በላሁ፣ ቡናዬን ጠጣሁ፣ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ለ8 ሩብ ጉዳይ ጣቢያው ደረስኩ። ግቢው ጭር ብሏል። ጥበቃው ትኬቴን ገልበጥ አድርጎ አየና ‹‹አቦ ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የፈረንጅ ሰዓት ነው። የጠዋቱ 2 ሰዓት ነው›› አለኝ። ባቡሩ ይሄኔ ሚኤሶን ካለፈ ቆይቷል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ፣ ዘመድም ሸኝቻለሁ። የሚሳሳተው ሰው ሁሉ የሚሳሳተው በአንድ ምክንያት እንደሆነ አይቻለሁ። ጣቢያውን እንደ መናኸሪያ ያየዋል። መናኸሪያ ውስጥ ስለእኛ የሚጨነቅ ሌላ ሰው አለ። ወያላው ‹‹አዳማ፣ አዲስ አበባ!›› እያለ ይጠራናል። ረዳቱ ዕቃችንን ጣራ ላይ ይሰቅላል፣ ወንበር ያሳየናል፣ ይቆጥረናል። ሽንት ቤት የሄደ ሰው ካለ ‹‹ቆይ፣ አንድ ሰው ቀርቷል›› ይባልለታል። ባቡር ማንንም አይጠራም፣ ለማንም አይቆምም። ረዳቱ የሚያውቀውን ሁሉ እናንተ ራሳችሁ ቀድማችሁ ማወቅ አለባችሁ። እንግዲህ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ፦ የትኛው ጣቢያ?

ድሬዳዋ ሁለት ባቡር ጣቢያ አላት። አንዱ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ያለው የድሮው ነው። የከተማዋ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ እንግዳም ሲመጣ ፊት ለፊቱ ፎቶ የሚነሳበት። አሁን የሚሠራው የኤሌክትሪክ ባቡር ግን እዚያ አይመጣም። ልምጣ ቢልም አይችልም፤ የድሮው ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ነው፣ የአዲሱ 1 ሜትር ከ435 ሚሊ ሜትር። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው ያለው።

ስለዚህ ባጃጅ ስትይዙ ‹‹ባቡር ጣቢያ›› ብቻ አትበሉ። የአክስቴ ልጅ ከሐረር መጥታ እንዲህ ብላ ከዚራ ወርዳለች። ባለ ባጃጁ ልጅ አልተሳሳተም፣ ባቡር ጣቢያ አለችው፣ ባቡር ጣቢያ አደረሳት። ‹‹አዲሱ ባቡር ጣቢያ፣ ከከተማ ውጭ ያለው›› በሉ፣ ዋጋውንም በዚያው ልክ ተነጋገሩ።

ይኸው ነገር አዲስ አበባም ይገጥማችኋል። እዚያ ሊቀበላችሁ የሚመጣው ዘመድ ባቡር ሲባል የሚታየው ለገሃር ነው። ለገሃር የሚለው ስም ራሱ ‹‹ጣቢያ›› ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። የከተማው ቀላል ባቡርም በዚያ በኩል ስለሚያልፍ ግራ መጋባቱ ይብሳል። የእናንተ ባቡር የሚገባው ግን ለቡ ነው፣ ፉሪ ለቡ የሚባለው፣ በከተማው ደቡብ ምዕራብ ጫፍ። ለገሃር ቆሞ የሚጠብቃችሁ ሰው ለቡ እስኪደርስ በአዲስ አበባ መንገድ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት እናንተው አስቡት። ከመሳፈራችሁ በፊት ደውሉና ‹‹ለቡ›› የሚለውን ቃል በራሱ አፍ እንዲደግምላችሁ አድርጉ። ወደ ጅቡቲ የምትሄዱ ደግሞ የምትወርዱበት ጣቢያ ነጋድ ይባላል፣ እሱም ከከተማው ወጣ ያለ ነው።

በነገራችን ላይ፣ የድሮው ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። አዲሱ የተመረቀው መስከረም 25 ቀን 2009። መቶ ዓመት። መንገደኛ በክፍያ ማመላለስ የጀመረው ከዚያ ከዓመት በላይ ቆይቶ፣ ታኅሣሥ 2010 ላይ ነው።

ቀኑና ሰዓቱ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም እኔን የጣለኝ ይሄ ነው።

ትኬት ላይ እንደ 08:00 ወይም 14:30 ያለ አጻጻፍ ካያችሁ የፈረንጅ ሰዓት ነው ብላችሁ ጀምሩ። ዘዴው ቀላል ነው። 6 ቀንሱ። 08:00 ከሆነ የጠዋቱ 2 ሰዓት። 14:30 ከሆነ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል። ቀንሳችሁ ከ12 የሚበልጥ ከመጣ እንደገና 12 ቀንሱ፤ 20:00 ሲቀነስ 14 ይሆናል፣ 12 ሲነሳለት የማታው 2 ሰዓት ነው። ቁጥሩ ከ7 ካነሰ ደግሞ 6 ደምሩበት፤ 04:00 ማለት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው።

የሌሊቱ ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። በፈረንጁ አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ለእኛ ግን ካልነጋ ቀን አይለወጥም። ስለዚህ ትኬት ላይ ‹‹ሐሙስ 02:00›› ቢል ለእኛ እሮብ ማታ ተኝተን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፣ ለሐሙስ አጥቢያ። ሐሙስ ማታ ሻንጣ ይዞ የሚመጣ ሰው አንድ ቀን ሙሉ ዘግይቷል።

ቀኑም እንደዚያው። ‹‹ጥቅምት 12›› ተብሎ በአፍ ከተነገራችሁ የማን ጥቅምት እንደሆነ ጠይቁ። ብዙ ሰው የፈረንጆቹንም ወር ጥቅምት ብሎ ነው የሚጠራው። የእነሱ 12ኛ ቀን ለእኛ አብዛኛውን ዓመት ጥቅምት 2 ነው፣ በመሃል አሥር ቀን አለ። እኔ አሁን የማደርገው አንድ ነገር ነው። የሳምንቱን ቀን እጠይቃለሁ። ‹‹ማክሰኞ ነው?›› ማክሰኞ በየትኛውም አቆጣጠር ማክሰኞ ነው።

የመንገደኛ ባቡር እንደ አውቶቡስ በየሰዓቱ እንደማይነሳም አትርሱ። አንዱ ካመለጣችሁ ቀጣዩ ‹‹ትንሽ ቆይቶ›› አይመጣም። መርሐ ግብሩም ይቀያየራል፣ ስለዚህ አምና የሄደ ጎረቤት የነገራችሁን ሰዓት ይዛችሁ አትውጡ።

ትኬት መቁረጥ

ቀድማችሁ ቁረጡ። ‹‹ሄጄ አንዱን ለምኜ እገባለሁ›› የሚባለው የመናኸሪያ ዘዴ፣ ወንበር ሲሞላ በርጩማ ማስገባቱም፣ እዚህ አይታሰብም። ስትሄዱ የታደሰ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ያዙ። ለሌላ ሰው የምትቆርጡ ከሆነ የእሱን መታወቂያ ወይም ጥርት ያለ ፎቶውን ይዛችሁ ሂዱ። ክፍያውን በምን እንደሚቀበሉ እዚያ ደርሳችሁ ከምትከራከሩ ጥሬ ብርም በቴሌብርም ላይ ሒሳብ ይኑራችሁ። ልጅ ካለ ዕድሜውን ተናገሩ፣ የልደት ካርዱን ያዙ።

የቦታው ዓይነት ሦስት ነው። ተራ መቀመጫ አለ። ስድስት አልጋ ያለበት ክፍል አለ፣ በግራ ሦስት፣ በቀኝ ሦስት፣ ተደራርቦ። አራት አልጋ ያለበት ደግሞ አለ፣ ሰፋና ለስለስ ያለ። ገንዘብ ለመቆጠብ ከሆነ መቀመጫው ይበቃል፣ ለወጣት። እናትና አባት የምትልኩ ከሆነ ግን አልጋ ቁረጡላቸው፣ አልጋውም የታችኛው ይሁን። የላይኛው ላይ ለመውጣት መሰላል ነገር መርገጥ አለ። ጉልበታቸው የሚያማቸውን እናት እዚያ ላይ ሰቅሎ ‹‹አልጋ ይዤላታለሁ›› ማለት ግፍ ነው። ስድስት አልጋ ካለበት የመሃሉን እኔ አልወድም፤ ቀና ብሎ መቀመጥ አይቻልም፣ ከታች ያለው ሰው ካልተኛም እግር የሚዘረጋበት የለም።

ትኬቱን ከተቀበላችሁ መስኮቱ ጋ ቆማችሁ አንብቡት። ከኋላ ያለው ሰው ቢያጉረመርም ያጉረምርም። ስማችሁ መታወቂያችሁ ላይ እንዳለው ተጽፏል? መነሻና መድረሻው ትክክል ነው? ቀኑስ? ከዚያ ሁለት ቁጥር ፈልጉ፣ የፉርጎውንና የወንበሩን። ፉርጎ ማለት ተቀጣጥለው ከሚሄዱት የባቡሩ ክፍሎች አንዱ ነው። እነዚህን ሁለቱን ሰዎች ያምታቷቸዋል። ካልገባችሁ ለሻጩ ‹‹ፉርጎው የቱ ነው፣ ወንበሩስ?›› በሉትና ትኬቱ ላይ በእስክሪብቶ አክብቡ። ከዚያ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

ዕቃ

የባቡር ጣራ ላይ ዕቃ አይጫንም። ይሄን የምለው ለቀልድ አይደለም። ከላዩ የሚያልፈው ሽቦ 25 ሺህ ቮልት የተሸከመ ነው።

ዕቃችሁን ተሸክማችሁ የምትገቡት እናንተው ናችሁ። መፈተሻው ላይ ታነሳላችሁ፣ ታወርዳላችሁ፣ አዳራሹ ውስጥ ትጎትታላችሁ፣ ከዚያ እስከ ፉርጎው ድረስ በእግር አለ፣ ባቡሩ ረጅም ነው። ጫኝና አውራጅ አገኛለሁ ብላችሁ አትተማመኑ። እኔ ለዘመዶቼ የምሰጠው ፈተና አለ። ዕቃችሁን በሙሉ ይዛችሁ ከቤት እስከ አስፋልት ሂዱ። መሃል ላይ ካረፋችሁ ቀንሱ። የእናቴ እህት በዚህ ፈተና ሁለት ጆንያ ማንጎ ወደ አንድ ፌስታል አውርዳለች፣ በኩርፊያ።

የተፈቀደውን ኪሎ ትኬት ስትቆርጡ ጠይቁ። ቤንዚን፣ ላምባ፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ ስለታም ነገር ይዛችሁ አትምጡ። ቅቤና የግመል ወተት የምትይዙ፣ ክዳኑን በፌስታል አስራችሁ በሌላ ፌስታል ክተቱት። የፈሰሰ ቅቤ ሽታ የስድስት ሰው ክፍል ውስጥ ሲከርም ፀብ ያመጣል።

አሁን ደግሞ የድሬን ነገር በግልጽ እናውራ። ታይዋን ወይም ቀፊራ የሚባሉት ገበያዎቻችን ገብቶ አዲስ ስልክ፣ ብርድ ልብስ፣ ሽቶ ያልገዛ እንግዳ አላየሁም። ለራሳችሁ የገዛችሁት ቢሆንም ደረሰኝ ተቀበሉና በእጅ ቦርሳችሁ ያዙት። የጉምሩክ ፍተሻ ሲመጣ ‹‹ለእህቴ ልጅ ነው›› ማለት ደረሰኝ አይሆንም። ከዚህ መስመር የተነሳ ዕቃ ሁሉ እንደሚጠረጠር የአዋሽን ኬላ በመኪና ያለፈ ሰው ያውቀዋል። የማታውቁት ሰው ‹‹እባክህ ይቺን ብቻ አድርስልኝ›› ብሎ የሚሰጣችሁን አትቀበሉ። ይሉኝታ ይይዛችኋል፣ አውቃለሁ። ቢሆንም አትቀበሉ።

ልብስ ላይ አንድ ነገር። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ። በሽርጥና በነጠላ ጫማ ተሳፍሮ ለቡ ላይ ጥርሱን የሚያንቀጫቅጭ የድሬ ልጅ በየጊዜው አያለሁ፣ እኔም አንድ ጊዜ ሆኛለሁ። ጋቢ ወይም ጃኬት ትልቁ ሻንጣ ሥር አትቅበሩ፣ ላይ ይሁን። ጋቢ ይሻላል፣ ትራስም ይሆናል።

ስንቅ እንደየሰው ነው። ሳምቡሳ በመጀመሪያው ሁለት ሰዓት ይበላል፣ ከዚያ በኋላ ይላሽቃል። ለረጅም ሰዓት ዳቦ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ ተምር ይሻላል። ረመዳን ላይ የምትጓዙ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ባቡሩ የት እንደሚሆን አይታወቅምና ማፍጠሪያችሁን በእጃችሁ ያዙ። ለውዱእም የሚሆን አንድ ሀይላንድ ውሃ ለብቻ። ሶፍትና ሳሙና አትርሱ። ስልክ የሚሞላ ፓወር ባንክም እንዲሁ፣ መስመሩ ረጅም ነው፣ በረሃው ላይ ኔትወርክ ሲፈልግ ባትሪውን ይጨርሰዋል።

ከቤት መውጣት

ባቡሩ ከሚነሳበት ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ጣቢያው ድረሱ። ይበዛል የሚል ሰው ፍተሻው ላይ ሰልፍ አይቶ አያውቅም።

ንጋት ላይ ከሆነ ባጃጅ መንገድ ላይ ወጥታችሁ አትፈልጉ። ማታውኑ የምታውቁትን ልጅ ኮንትራት ያዙ፣ ሰዓቱንም በሐበሻ አቆጣጠር ንገሩት። ደግሞም ደውላችሁ ቀስቅሱት። እሱ ይቀሰቅሰኛል ብላችሁ አትተኙ።

ከሐረር የምትመጡ በዋዜማው ውረዱ። መንገዱ ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፣ በካርታ ሲታይ ቅርብ ነው። ግን አወዳይ ላይ የጫት ገበያው አለ፣ ሐረማያ ላይ ተሳፋሪ ይወርዳል ይወጣል፣ ደንገጎ ላይ ደግሞ ጠመዝማዛው ከከባድ መኪና ኋላ ያንፏቅቃችኋል። አንድ ሌሊት ዘመድ ቤት ወይም ፔንሲዮን ማደር ትኬት ከማቃጠል ይሻላል።

ጣቢያው ውስጥ

ጣቢያው ትልቅ ነው፣ ግን ቅደም ተከተሉን ካወቃችሁት አያስፈራም። በር ላይ ትኬትና መታወቂያ ታሳያላችሁ። ዕቃው በማሽን ያልፋል፣ እናንተም ትፈተሻላችሁ። ከዚያ መጠበቂያ አዳራሽ ትቀመጣላችሁ። ሲፈቀድ ትኬት እንደገና እየታየ ወደ መሳፈሪያው ትወጣላችሁ። ፉርጎ፣ ከዚያ ወንበር። በቃ።

አዳራሹ ውስጥ እንድትጠነቀቁ የምፈልገው ጥቂት ነገር አለ። ትኬትና መታወቂያ በአንድ ኪስ ይሁን፣ ሁልጊዜ በዚያው ኪስ፣ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ትጠየቃላችሁና። ሻንጣችሁን ትታችሁ አትሂዱ። ሽንት ቤት የሚኬደው ወደ መሳፈሪያው መውጣት ሳይጀመር በፊት ነው፤ መውጣት ሲጀመር ‹‹መጣሁ›› ማለት የለም። የሚነገረውን ማስታወቂያ ካልሰማችሁ የደንብ ልብስ የለበሰ ሠራተኛ ጠይቁ፣ ጎረቤታችሁን አትጠይቁ። ጎረቤታችሁም ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ሊሆን ይችላል፣ ግን አላውቅም ማለት ያሳፍረዋል፣ የመሰለውን ይነግራችኋል። ፎቶ ማንሳት ካማራችሁ ጥበቃውን አስፈቅዱ።

ሸኚን በተመለከተ። እኛ ሀገር አንድ ሰው ሲሄድ ስድስት ሰው ይሸኘዋል። መናኸሪያ ላይ አውቶቡሱ ውስጥ ድረስ ገብተን፣ ወንበር ላይ አስቀምጠን፣ በመስኮት ሙዝ አቀብለን፣ አልቅሰን ነው የምንወርደው። ጣቢያ ላይ ትኬት የሌለው ሰው ከበር እንደማያልፍ አስቡና ስንብቱን እዚያው ጨርሱ። ለቅሶውንም ጭምር። አንድ ጊዜ አንዲት እናት ልጃቸው ውስጥ ከገባ በኋላ የረሱት ምርቃት ትዝ ብሏቸው ሰልፉን በሙሉ አስቁመውታል። ጥበቃው ‹‹እማማ፣ ከዚሁ ይመርቁት፣ ይሰማል›› አላቸው። መረቁት። እኛም አሜን አልን።

መሳፈሪያው ላይ ስትወጡ መሮጥ ይመጣባችኋል። ሰው ሲሮጥ እግር ራሱ ይነሳል፣ የመናኸሪያ ልማድ ነው፣ እዚያ የቀደመ የመስኮት ወንበር ይይዛል። እዚህ ወንበራችሁ ቁጥር አለው፣ ማንም አይወስደውም። ቆም በሉና የፉርጎ ቁጥራችሁን ፈልጉ፣ በጎኑ በኩል በሩ አካባቢ ተጽፏል። ባገኛችሁት በር ገብቼ በውስጥ እሄዳለሁ አትበሉ፤ ጠባብ መተላለፊያ ላይ ሻንጣ ይዞ ከሚመጣ ሕዝብ ጋር ፊት ለፊት ትገጥማላችሁ። ከውጭ ሄዳችሁ በራሳችሁ በር ግቡ። ከጠርዙ ራቁ። ሐዲድ አቋርጣችሁ ወደ ሌላው ወገን አትሻገሩ፣ ማንም ቢሻገር። የልጅ እጅ ያዙ፣ በሩና መሳፈሪያው መካከል ክፍተት አለ። ረጅም ብረት ወይም የመጋረጃ ዘንግ የያዘ ሰው ወደ ላይ አያንሳው፣ ሽቦውን ነግሬያችኋለሁ።

ከተሳፈራችሁ በኋላ

ወንበራችሁ ላይ ሰው ተቀምጦ ብታገኙ አትቆጡ፣ ብዙ ጊዜ የፉርጎ ቁጥር የተምታታበት ነው። ‹‹ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ ትኬታችንን አንድ ላይ እንየው?›› በሉት። አብራችሁ ስታነቡት ነገሩ ይለቃል። አዛውንት ከሆኑ ‹‹አባባ፣ ቁጥርዎን ልይልዎት?›› ብላችሁ እርዷቸው፣ የእሳቸው ወንበር ሌላ ፉርጎ ሆኖ ካገኛችሁት አስተናጋጁን ጥሩ። ትኬታችሁን እስክትወርዱ ድረስ አትጣሉ።

ከቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ጥያቄ ‹‹ለምን ቆመ?›› ነው። ባቡሩ በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር መሄድ ይችላል፣ ድሬና አዲስ አበባን የሚለያያቸው ደግሞ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይሄን ሰምቶ አካፍሎ፣ በአራት ሰዓት እደርሳለሁ የሚል አለ። እንዲያ አይደለም። ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ሐዲዱ ድርብ ነው፣ ከአዳማ ወዲህ እስከ ድሬና ጅቡቲ ግን ነጠላ። ስለዚህ ከወዲያ የሚመጣ ባቡር ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዕቃ ጫኝ ነው፣ አንዱ ጣቢያ ላይ ቆሞ ሌላውን ያሳልፋል። ደግሞ የምታልፉት የግመልና የከብት አገር ነው። ግመል ሐዲድ ላይ ከቆመ መኪና አይቶ እንደሚሸሽ ፍየል አይደለም። ምድረ በዳ ላይ ሲቆም ተበላሸ ብላችሁ አትደናገጡ፣ በር ከፍታችሁም ለመውረድ አትሞክሩ።

በዚህ ምክንያት በደረሳችሁበት ሰዓት ቀጠሮ አትያዙ። የኤምባሲ ቃለ መጠይቅ፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ አውሮፕላን ካላችሁ ቢያንስ በአንድ ቀን ቅደሙ። ሠርግ ከሆነ በሁለት።

ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ በግራ በኩል ያለው መስኮት የጨርጨርን ተራሮች ያሳያችኋል። ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አሰቦት እያላችሁ አዋሽ ትደርሳላችሁ። ከአዋሽ በኋላ መተሐራ አለ፣ ከዚያ ምድሩ ወደ አዳማ ይነሳል፣ አየሩም ይለወጣል። ጋቢው የሚወጣው እዚህ ጋ ነው።

መውረድ

ኔትወርክ ጥሩ የሚሆነው ከተማ አካባቢ ስለሆነ ለተቀባያችሁ አዳማ ላይ ደውሉ። ከዚያ ሞጆና ቢሾፍቱን ታልፋላችሁ። ቢሾፍቱ ስትደርሱ ቻርጀራችሁን ንቀሉ፣ ጫማችሁን ፈልጉ፣ አልጋው ሥር ጎንበስ ብላችሁ እዩ። የሚረሳው ሁሌም ቻርጀርና የልጅ ጫማ ነው።

ለቡ ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚወርድ መውጫው ይጨናነቃል። ትንሽ ቆይታችሁ ብትወጡ ምንም አይቀርባችሁም። ትኬት ሲጠየቅ አሳዩ። ውጭ ከሚጠብቁት ባለ ታክሲዎች ጋር ሻንጣ ሳይጫን በፊት ዋጋ ጨርሱ፣ በድሬኛ ‹‹አቦ ተወን›› ስትሉ እንግዳ መሆናችሁን ስለሚያውቁ እንደገና ዋጋ ይጨምራሉ። በስልክ የሚጠራ ታክሲ ከሆነ ከግቢው ወጥታችሁ ጥሩ።

ወደ ጅቡቲ የሚሄድ ሰው ይሄ ሁሉ እንዳለ ሆኖ ፓስፖርቱና የመግቢያ ፈቃዱ ያስፈልገዋል። መታወቂያ ድንበሩ ላይ ያለችው ደወሌ ድረስ ነው የሚያገለግለው፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሀገር ነው። ገንዘባቸው ፍራንክ ነው። ዓርብ የዕረፍት ቀናቸው ስለሆነ ቢሮ ጉዳይ ካላችሁ በዚያ አስቡት። ጋቢውን ቤት ተዉት፣ ሙቀቱ የድሬን ያስንቃል። ሰዓታቸው ከእኛ ጋር እኩል ይሄዳል፣ አቆጣጠራቸው ግን ፈረንጅኛው ነው። እዚያ ያለ ሰው ‹‹8 ሰዓት እንገናኝ›› ካላችሁ 6 ቀንሱ።

የመመለሻ ትኬት ያልቆረጣችሁ፣ ከጣቢያው ግቢ ሳትወጡ ወደ ትኬት መስኮቱ ጎራ በሉና ወደ ድሬ የሚመለሰው መቼ እንደሆነ ጠይቁ። ‹‹ማክሰኞ ነው ሐሙስ? ጠዋት ነው ማታ? በሐበሻ ስንት ሰዓት?››